በቁማር ቤት ደጅ የቆመው ዐይን

ቁማር ትዳርን የሚያናጋ፥ የልጆችንም እንጀራ የሚነጥቅ ክፉ ልማድ መሆኑን በዚህ ዓምድ ደጋግመን ተናግረናል፤ ዛሬም ያን ቃላችንን አንለውጥም። ዳሩ ግን ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው ነገር በቁማሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ሳይሆን በደጁ፥ አውቶሞቢሎች በሚቆሙበት ስፍራ የሚደረገው ነው። በውጭ አገር ባሉት በታላላቆቹ የቁማር ቤቶች ደጅ ሌሊትና ቀን የማይከደን ዐይን ቆሟል። ይህ ዐይን የሚገባውንና የሚወጣውን አውቶሞቢል ያያል፤ ታርጋውን ያነባል፤ ያነበበውንም ይመዘግባል። ይህ ነገር ለቤተሰብ የሚጠቅም ነውን? ወይስ የሚጎዳ? ብለን መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ነው ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት “የሩቅ አገር ቁማር ቤት ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። መጀመሪያ፥ በአሜሪካ አገር በኔቫዳ ግዛት በላስ ቬጋስ ከተማ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በቁማር ቤቶች ውስጥ ተቀጥረው፥ ወይም ታክሲ እየነዱ፥ ወይም የእንግዳ አውቶሞቢል ተቀብለው እያቆሙ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛም፥ የሰውን መምጣትና መሄድ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ ዛሬ በቁማር ቤት ደጅ ቢሆን ነገ በገበያው፥ በሐኪም ቤቱና በትምህርት ቤቱ ደጅ መቆሙ አይቀርምና ሥራውን አስቀድሞ ማወቅ ብልህነት ነው።

የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደችው በ1931 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው የኒው ጀርሲ ግዛት ደግሞ በ1976 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፁን ከሰጠ በኋላ በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ የመጀመሪያውን ቁማር ቤት በ1978 ዓ.ም. ከፈተች። ካሜራ እንደ ዛሬ ሳይስፋፋ በፊት፥ በቁማር ቤት ጣራና ኮርኒስ መካከል ጠባብ መተላለፊያ ይሠራ ነበር፤ ዘበኞችም በዚያ ላይ እየተመላለሱ፥ ከላይ ሲያዩት እንደ መስኮት ከታች ሲያዩት እንደ መስተዋት በሚሆን ብርጭቆ ተጫዋቾቹንና ካርታ አዳዮቹን ቁልቁል ይመለከቱ ነበር። የኔቫዳ ግዛት ባለ ሥልጣኖችም በ1960 ዓ.ም. ወደ ቁማር ቤት ፈጽሞ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ አወጡ፤ በመጀመሪያው መዝገብ የተጻፉት 11 ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በኮርኒሱ ላይ ይመላለስ የነበረው ዘበኛ ስፍራውን ለካሜራ ለቀቀ፤ ካሜራውም በአዳራሹ ብቻ አልተወሰነም፤ ወደ መተላለፊያው፥ ወደ ደጁ፥ በመጨረሻም ወደ አውቶሞቢል ማቆሚያው ወጣ።

በማቆሚያው ደጅ ያለው መሣሪያ አሠራር እንዲህ ነው። አውቶሞቢሉ ሲቃረብ ካሜራው ታርጋውን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በጨለማም ቢሆን በሰው ዐይን በማይታይ ብርሃን እየታገዘ ያነሣል። ኮምፒዩተርም ከፎቶግራፉ ላይ ፊደሉንና ቁጥሩን ለይቶ በማንበብ፥ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የተነበበውን ቁጥር ቀድሞ ከተዘጋጀ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ነጂው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለዘበኛው ሰላምታ ሳይሰጥ በፊት ነው። በመዝገቡ ላይ የተሰረቀ አውቶሞቢል፥ ወይም እንዳይገባ የተከለከለ ሰው ታርጋ ቢገኝ ለዘበኞቹ ወዲያውኑ ምልክት ይደርሳቸዋል። ደግሞም ብዙ ገንዘብ የሚያፈስስ የታወቀ ደንበኛ የመጣ እንደ ሆነ፥ ገና ከአውቶሞቢሉ ሳይወርድ በስሙ እየጠራ የሚቀበለው አስተናጋጅ ሊዘጋጅለት ይችላል።

ፍርዳችን ትክክለኛ ይሆን ዘንድ የዚህን ዐይን ጥቅም አስቀድመን እንናገራለን። ከቁማር ቤት ገንዘብ ይዞ የሚወጣን ሰው እስከ ቤቱ ድረስ ተከትለው የሚዘርፉ ክፉዎች አሉ፤ እነዚህን ለመያዝ በማቆሚያው የተመዘገበው ታርጋ ለፖሊስ ይረዳል። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ግን የሕፃናት ነገር ነው።

በደቡብ ካሮላይና ግዛት በ1997 ዓ.ም. በበጋ ወራት አንዲት እናት የቁማር መኪና ስትጫወት በተወለደች በ10 ቀኗ ሕፃን ልጅዋን በአውቶሞቢል ውስጥ ትታት ነበር፤ ሕፃኒቱም በአውቶሞቢሉ ውስጥ በሙቀት ታፍና ሞተች። ያ ኀዘን የግዛቲቱን ሕዝብ እጅግ ቀሰቀሰው፤ እንዲህ ያለው የቁማር መኪናም በዚያች ግዛት ከሐምሌ ወር 2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተከለከለ። ዳሩ ግን ክፋቱ በአንድ አገር የቀረ አይደለም። በጃፓን ፓቺንኮ በሚባለው የጨዋታ ቤት ደጅ እንዲህ ባለ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት ስላሉ የጨዋታ ቤቶቹ ሠራተኞች በማቆሚያው እየተዘዋወሩ በየመስኮቱ ይመለከታሉ። በፔንሲልቫኒያ ግዛትም የቁማር ተቆጣጣሪው ቦርድ ልጅን በአውቶሞቢል ትቶ ወደ ቁማር የሚገባውን ሰው በግዛቲቱ ካሉት ቁማር ቤቶች ሁሉ ያግደዋል፤ “በልጆች ቁማር አትጫወቱ” የሚል ማስጠንቀቂያም ለሕዝብ እስከ ማውጣት ደርሷል። እንግዲህ ዐይኑ በኋላ ወንበር የተኛውን ሕፃን አይቶ የሚያድን ከሆነ “አታይ” ልንለው የሚገባ ማን ነው? ማንም የለም።

ነገር ግን ይኸው ዐይን ሌላም ሥራ አለው፤ እርሱም ንግድ ነው። በላስ ቬጋስ ዋናው ጎዳና ላይ ያሉት ታላላቅ ቤቶች ከረጅም ዘመን ጀምሮ የእንግዳን አውቶሞቢል ያለ ክፍያ ያስቆሙ ነበር። በ1 ቀን የሚታለፍ የማይመስለውን ይህን ልማድ በ2016 ዓ.ም. ኤም ጂ ኤም የተባለው ታላቅ ኩባንያ ለወጠው፤ ሌሎችም ተከተሉት። ክፍያ በመጣ ጊዜ መዝገብም አብሮ መጣ፤ መቼ እንደ ገባና መቼ እንደ ወጣ ሳይታወቅ ሒሳብ ሊታሰብ አይችልምና። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው የደንበኝነት ካርድ የያዘ ሰው ግን ካርዱን አሳይቶ በነጻ ያቆማል። በዚህም ምክንያት የሰውዬው አውቶሞቢልና የሰውዬው ጨዋታ በአንድ መዝገብ ሊገናኙ ቻሉ።

ይህ የደንበኝነት ካርድ ምን እንደሚጽፍ አንባቢዎቻችን ሊያውቁት ይገባል። ተጫዋቹ በየትኛው መኪና ላይ እንደ ተቀመጠ፥ ስንት ገንዘብ እንዳስያዘ፥ ስንት ሰዓት እንደ ቆየ ይጽፋል። ቤቱም ከዚህ ተነሥቶ ሰውዬው ወደ ፊት ምን ያህል ሊከስር እንደሚችል አስቀድሞ ያሰላል። ለምሳሌ፥ በአሜሪካ ሩሌት በሚባለው ጨዋታ ከ38ቱ ቁጥሮች 2ቱ የቤቱ ጥቅም ስለ ሆኑ ከሚያዘው ገንዘብ ከ100 እጅ 5 እጅ ከጥቂት የሚበልጠው በጊዜ ብዛት ለቤቱ ይቀራል። አንድ ሰው በእያንዳንዱ ዙር 10 ዶላር እያስያዘ፥ በ1 ሰዓት 40 ዙር እየተጫወተ 4 ሰዓት ቢቀመጥ ያስያዘው ሁሉ ተደምሮ 1,600 ዶላር ይሆናል፤ ቤቱም ከዚህ ሰው 84 ዶላር ያህል ይጠብቃል። “በነጻ” የተሰጠው ማቆሚያ፥ እራትና መኝታም የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው። እንግዲህ ስጦታው ከተጫዋቹ ኪስ ወጥቶ ለተጫዋቹ የሚመለስ ጥቂት ፍርፋሪ መሆኑን ማስተዋል ያሻል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ባልየው በሳምንት ስንት ሌሊት በቁማር ቤት እንዳሳለፈ፥ ስንት ገንዘብም እንደ ከሰረ የሚያውቀው ማን ነው? ሚስቱ አታውቅም፤ “በሥራ አመሸሁ” ብሏታልና። ልጆቹ አያውቁም። ባዕዱ ነጋዴ ግን እስከ ደቂቃውና እስከ ሳንቲሙ ድረስ ያውቀዋል። በእንጀራው ተካፋይ የሆነችው ሚስት ሳታውቅ፥ ከድካሙ የሚያተርፈው ነጋዴ የቤቱን ገመና ዘርዝሮ ይዟል ማለት ነው። የነገሩም መገለባበጥ ይህ ነው። ብዙ ጊዜም ሚስቲቱ እውነቱን የምታገኘው ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ባልና ሚስት በሚፋቱበት ጊዜ አንደኛው የጋራውን ሀብት በቁማር አጥፍቶ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ቁማር ቤቱ የያዘው መዝገብ በማስረጃነት ሊጠየቅ ይችላልና።

ደግሞ ታርጋ የአንድ ሰው ስም አይደለም፤ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። አውቶሞቢሉን ዛሬ አባት ነድቶት ነገ ልጅ ይነዳዋል፤ ከነገ ወዲያም ጎረቤት ይዋሰዋል። በዚያም ላይ በላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች ግቢ ውስጥ የእራት አዳራሽ፥ የዘፈን ትርኢትና የስብሰባ ስፍራ አለ፤ ሠርግ እንኳ ይደረጋል። እንግዲህ ሠርግ የሄደችው እኅት፥ ወይም ለሥራ የገባ ሠራተኛ፥ የመዝገቡን ቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው ከቁማርተኛው በምን ይለያል? መሣሪያው ታርጋውን አየ እንጂ የመጣበትን ጉዳይ አላየም። ከጉዳዩ የተለየ ማስረጃም ለሐሜት ይመቻል።

“መዝገቡ በቁማር ቤቱ ዘንድ ተቈልፎ ከተቀመጠ ምን ይጎዳል?” የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የቅርብ ዘመን ታሪክ ይመልስላቸዋል። በ2020 ዓ.ም. የኤም ጂ ኤም ሆቴሎች እንግዶች የነበሩ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ዝርዝር ከአንድ ዓመት በፊት ተሰርቆ እንደ ነበረ ታወቀ። በመስከረም ወር 2023 ዓ.ም. ደግሞ ሲዘርስ የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹ መዝገብ በሌቦች እንደ ተገለበጠበት ራሱ ለመንግሥት ባቀረበው ጽሑፍ አመነ፤ በተገለበጠው ውስጥ የብዙ ሰዎች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ይገኝ ነበር። በ2024 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የቁማር መኪና ባለባቸው ክበቦች ሰዎች ሲገቡ የሰጡት ስምና አድራሻ ለሕዝብ ተገለጠ፤ የዚህን መዝገብ ሥራ ክበቦቹ ለሌላ ኩባንያ አሳልፈው ሰጥተውት ነበር። ስለዚህ መዝገብ እስካለ ድረስ የሚሰርቀው አይጠፋም፤ ሊሰረቅ የማይችለው ያልተጻፈው ብቻ ነው።

ስለ ሰው ገመና መጠበቅ ከተነገሩት ታላላቅ ፍርዶች አንዱ የተሰጠው በቁማርተኛ ጉዳይ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስደንቃል። ቻርልስ ካትስ የሚባል ሰው በ1965 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ በጎዳና ከቆመ የሕዝብ ስልክ ቤት ሆኖ ወደ ሌሎች ከተሞች የውርርድ ወሬ ያስተላልፍ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰዎች ከስልክ ቤቱ ውጭ መሣሪያ አድርገው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቃሉን ሰሙ፤ በዚህም ተከስሶ ተፈረደበት። ታላቁ ፍርድ ቤት ግን በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በ7 ድምፅ በ1 ላይ ፍርዱን ሻረው። የፍርዱም አሳብ፥ ሕግ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ስፍራን ስላይደለ፥ በጎዳና ላይም ቢሆን በር ዘግቶ የሚናገር ሰው ማንም አይሰማኝም ብሎ ሊታመን ይገባዋል የሚል ነው። ከ45 ዓመት በኋላ፥ በ2012 ዓ.ም.፥ ያው ፍርድ ቤት ፖሊሶች በአንድ ሰው አውቶሞቢል ላይ መከታተያ መሣሪያ አድርገው 28 ቀን መንገዱን መከተላቸው ምርመራ መሆኑን ወስኖ በተከሳሹ ላይ የተፈረደውን ፍርድ እንዳይጸና አደረገ። ዳሩ ግን እነዚህ ሁለት ፍርዶች የሚያስሩት የመንግሥትን እጅ ነው፤ በገዛ ግቢው ካሜራ የሚያቆመውን ነጋዴ አያስሩትም። ለእርሱ ሌላ ሕግ ያስፈልጋል።

አንዳንድ አገሮች ይህን ማሰብ ጀምረዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት ታርጋ የሚያነብ መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ፥ የግል ድርጅትም ቢሆን፥ እንዴት እንደሚሠራበትና የሰውን ገመና እንዴት እንደሚጠብቅ ደንብ ጽፎ እንዲያስታውቅ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዛለች። የኒው ሃምሽየር ግዛት ደግሞ ፖሊስ ያነበበው ታርጋ ከሚፈለጉት መካከል ካልሆነ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲደመሰስ አዛለች። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወት ሲያስከብር፥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ በምን ሥርዓት ሊይዘው እንደሚገባ ደንግጓል።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የሚጠቅሙ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የሲንጋፖር ነው። ያ አገር በ2010 ዓ.ም. ሁለት ቁማር ቤቶችን በከፈተ ጊዜ የአገሩ ተወላጅና ነዋሪ ሁሉ ለመግባት በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር እንዲከፍል አደረገ፤ በ2019 ዓ.ም. ክፍያው 150 ሆነ። ከዚህም ጋር ሚስት ወይም ባል፥ ወላጅ፥ ልጅ፥ ወንድም ወይም እኅት “ይህ ሰው ቤታችንን በቁማር እየጎዳ ነውና እንዳይገባ ይከልከልልን” ብለው የሚያመለክቱበት መንገድ ተከፈተላቸው። የሚከለከለውም ሰው ቃሉን እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። ሁለተኛው በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ነው። በዚያ ከቁማር ለመራቅ የፈለገ ሰው በገዛ ፈቃዱ “እኔ ብመጣ መልሱኝ” ብሎ ይመዘገባል። በ2010 ዓ.ም. የግዛቲቱ የገመና ጥበቃ ኮሚሽነር የነበሩት አን ካቩኪያን ከቁማር መሥሪያ ቤቱና ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ተስማምተው፥ በደጁ ያለው ካሜራ የሚፈልገው በፈቃዳቸው የተመዘገቡትን ብቻ እንዲሆንና የሌላው ሰው መልክ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ አሠራር አወጡ። እነዚህ ምሳሌዎች ዐይኑን ሳያወጡ ከንግድ አገልጋይነት ወደ ቤተሰብ አገልጋይነት ሊመልሱት እንደሚቻል ያስረዳሉ።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ገመናና ደባ አንድ አይደሉም። ሰው ድካሙን፥ ሕመሙንና ውድቀቱን ከባዕድ ዐይን ቢሸሽግ ገመናውን ጠበቀ ይባላል፤ ይህም መብቱ ነው። የጋራውን ገንዘብ አጥፍቶ ከትዳር ጓደኛው ቢሸሽግ ግን ደባ ሠራ ይባላል እንጂ ገመናውን ጠበቀ አይባልም። ስለዚህ በደጅ የቆመው ዐይን ሕፃኑን፥ ሌባውንና “መልሱኝ” ብሎ የለመነውን ሰው ይይ፤ ሌላውን ግን አይቶ ይተወው፥ የተረፈውንም ፈጥኖ ይደምስሰው። ለንግድ ብሎ የሚይዘው ነገር ካለም ሰውዬው እያወቀና እየፈቀደ ይሁን እንጂ በጀርባው አይሁን።

ለባለ ትዳሮችም ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ቁማር የሚወድ ባል ቢኖርሽ፥ እመቤት፥ ታርጋውን እየተከተልሽ በየማቆሚያው አትፈልጊው፤ በስልኩም ውስጥ በስውር መከታተያ አታስገቢበት። እንዲህ ያለው ሥራ መተማመንን የሚጨርስ ነውና። ይልቅስ በወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ሒሳብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ አስቡ፤ ጉድለቱ ራሱ ይናገራል። ነገሩ ከአቅምሽ በላይ ቢሆን የምታከብሩትን ሽማግሌ ጥሪ፤ በምትኖሪበት አገር ሕጉ የእገዳ መንገድ ቢሰጥሽም ሳታፍሪ ተጠቀሚበት። አንተም ጌታዬ፥ የነጻ ማቆሚያና የነጻ እራት ካርድ በተሰጠህ ቀን የተከበርህ አይምሰልህ፤ የተቈጠርህ ነህ። ባዕድ የሚያውቀውን ሒሳብህን ሚስትህ ከአንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል። ቤት ለማዳን ዛሬ የተነገረ እውነት በፍርድ ቤት ከሚነበብ መዝገብ ይቀድማል።